ተረኛው በረኛ

የወንድሜ ልጅ ግርማ የአባቴን በርኖስ ከሳጥን ሲያወጣው ቤቱ ባንድ ጊዜ በግ በግ ሸተተ። በግ ብቻም አይደለም። ዝናብ የመታው ሱፍ አለበት፣ የኩበት ጢስ አለበት፣ ከሥር ከሥሩ ደግሞ የተቆላ ገብስ የሚመስል ነገር አለበት። በዚህ ዕድሜዬ ዓይኔ መነጽር፣ ጆሮዬ ጩኸት፣ እግሬ ከዘራ ይጠይቀኛል፤ አፍንጫዬ ብቻ እስከ ዛሬ ምንም አስቸግሮኝ አያውቅም።

«ምነው፣ ልትሸጠው ነው?» አልኩት።

«ምን በወጣኝ! ለእርስዎ ነው እንጂ። እሑድ ይለብሱታል።»

«እሑድ ምን አለ? ቀብሬ ነው?»

«ኧረ ይተዉ ጋሼ! ጎፈር ከቀየት መንደር ልጆች ጋር ኳስ ይጫወታል። ተረኛው በረኛ እርስዎ ነዎት።»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። በርኖሱን ደጅ ወስዶ አራገፈና ተመለሰ።

«አባቴ እስኪያርፍ ድረስ የአያቴን ተራ ይዞ ኖረ። አሁን ቦታው ባዶ ነው። ከልጅ ልጅ በፊት ልጅ ይቀድማል ብሎ ማኅበሩ ወስኗል። እምቢ ካሉ ራስዎ ቀርበው ይንገሯቸው፤ እኔ በዚህ ጉዳይ አልላክም።»

«ዕድሜዬን ነግረሃቸዋል?»

«የመጀመሪያዋን ኳስ ብቻ ነው የሚቆሙት። ከዚያ ወጣቱ ይገባል። ለሽማግሌ እንዲህ ነው የሚደረገው።»

በርኖሱን ተቀብዬ ጭኔ ላይ ዘረጋሁት። ሽታው ይዞኝ ሄደ። የት እንደሚወስደኝም አውቄዋለሁ፤ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ጎፈር የተባለው ቡድናችን ከጥምቀት ማግሥት እስከ ግንቦት ተጫውቶ አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ ወደቀረበት፣ እኔም ቆሎ እርም ወዳልኩበት ዓመት ነው።

ኳስን ወደ መንደራችን ያመጣት መምህር ተፈራ ነው። እኛ ትምህርት ቤት ተመድቦ ሲመጣ ከመጻሕፍቱ ጋር በቅሎ ላይ ጭኗት መጣ። እኔ ቅል መስላኝ ነበር። ወተት ይሆናል የያዘችው ብዬ ስጠብቅ፣ ሰውየው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጣትና በእግሩ ጠለዛት። «ወተቱን ደፋው!» ብዬ እየጮህኩ ቤቴ ገባሁ። ለጎፈር ያሰማሁት የመጀመሪያው ጩኸት ይኸው ነው። የመጨረሻው ከዚህም የባሰ ነበር፤ እሱን ስደርስበት እናዘዛለሁ።

ተጫዋቾቹ ልጆች እንዳይመስሏችሁ። ሚስትና ልጅ ያላቸው ገበሬዎች ናቸው፤ ዲያቆን አለበት፣ ገመድ ሠሪ አለበት፣ በርኖስና የሱፍ ባና የሚሸምነው አባቴም አለበት። ስማቸውን ጎፈር ያሉት የአንበሳን ግርማ አስበው ነው። መጀመሪያ ተሰብስበው መምህር ተፈራን፣ «ስንት ሰው ነው የሚገባው?» ሲሉ ጠየቁት።

«አሥራ አንድ» አላቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። «አሥራ አንድ ምን የሚሉት ቁጥር ነው?» አለ አባቴ። «ሰው ሲሰበሰብ በአሥራ ሁለት ነው። ሐዋርያት ስንት ናቸው?»

መምህር ተፈራም የዋዛ አልነበረም፤ «ይሁዳ ሲወጣስ ስንት ቀሩ?» አለ።

ዲያቆኑ ከተቀመጠበት ዘሎ ተነሣ። «ማትያስ ተተክቶ ሞላ እንጂ! አሥራ ሁለት!»

በዚሁ ጸና። አሥራ ሁለት ሆኑ፤ አሥራ አንዱ ሲጫወት ዳር የሚቀመጠው ተጠባባቂ ደግሞ «ማትያስ» ተባለ። በዓለም ላይ ያለ ቡድን ሁሉ ዳር ላይ ማትያስ የሚባል ሰው የሚያስቀምጥ ነበር የሚመስለኝ። ጎልምሼም አንድ ጊዜ በሰው ፊት ተናግሬው ጉድ ሆኛለሁ።

አሥራ ሁለት ሆኖ የተሰበሰበ ሰው ደግሞ በእኛ አገር ማኅበር ነው። ማኅበር ከሆነ ድግሱ በተራ ነው። ስለዚህ ከየጨዋታው በኋላ ጠላና ዳቦ የሚያቀርብ ባለተራ ተመደበ። እስከዚህ ድረስ ማንም አልተጎዳም። ጉዳቱ የመጣው በበረኛ ነው። በረኛነትን ያልፈለገ አልነበረም። አይሮጥም፣ በእጁ ይነካል፣ አገር ሁሉ ያየዋል። ሊጣሉ ሲሉ አንዱ መፍትሔ አመጣ፤ የዕለቱ ደጋሽ የዕለቱ በረኛ ይሁን፤ የደከመ ይከበር።

«ኧረ ሰዎች!» አለ መምህር ተፈራ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ። «በረኛ የሚሆነው የሚችል ሰው ነው!»

«ከመካከላችን ማን አይችልም አለህ?»

ስም መጥራት ነበረበት። አልጠራም። የዓመቱ ሽንፈት ያን ዕለት ተፈረመ ብል አላጋነንኩም።

ሜዳው የወል መስክ ነበር። አገራችን ተዳፋት ናት፤ ኳስ ካመለጠች ማረፊያዋ ገደል ነው፤ ከሰው ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ሁሉም ነገር ወይ ሽቅብ ነው ወይ ቁልቁል። ልጅ ሳይንሸራተት የሚሮጥበት ደልዳላ መሬት ያ መስክ ብቻ ነበር። የወል ሣር ደግሞ ለገመድና ለቤት ክዳን እንደሚታጨደው እንደ ጓሳው ሁሉ ሕግ አለው፤ ከተፈቀደ ጊዜ በፊት አይታጨድም፣ በግ አይገባበትም። ሕጉን የሚያስጠብቁት አባባ ጥሩነህ ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ ሣር ሲታጨድ ከሩቅ ይሰማቸዋል ይባላል። እኔ ይህን አምኜ በመስኩ አጠገብ ሳልፍ ጥርሴን እንኳ ሳላፋጭ ነበር የማልፈው።

ቡድኑ ሜዳ ሊለምን ሲሄድ አባባ ጥሩነህ እንዲህ አሉ፤ «እስከ ግንቦት ማለቂያ ወስዳችሁ ተጫወቱበት። እስከዚያ አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ካሸነፋችሁ መስኩ የናንተ ይሁን። ካላሸነፋችሁ ግን በጉ ይገባል። በግ ሣር በልቶ ሥጋ ይሆናል፤ እናንተ ሣር ረግጣችሁ ምን ትሆናላችሁ?»

«እናሸንፋለን!» ብዬ ከአባቴ ኋላ ሆኜ ጮህኩ።

«ይኼ ጩጬም ይጫወታል?» አሉ አባባ ጥሩነህ።

«እሱ ይጮሃል እንጂ አይጫወትም» አለ አባቴ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ከጎረቤት መንደር ከዘመሮ ጋር፣ እዚያው ዘመሮ ላይ ነበር። ተረኛው አያ በየነ የሚባል ጨዋ ሰው ነው። ከዚያ ወገን ኳስ ይዞ የመጣው አጥቂ ለካ ልጁን ያገባ አማቹ ኖሯል። አማትየውን ሲያይ ኳሷን ለቆ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። አያ በየነም ሰላምታ ማለፍ ባህሉ አይፈቅድለትምና ጎንበስ ብሎ አጸፋውን መለሰ። ሁለቱ ጎንበስ ብለው ሲጠያየቁ ኳሷ ተንከባልላ ለብቻዋ ገባች። «ቤተሰብ ደህና ነው?» «እግዚአብሔር ይመስገን።» ፊሽካ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ጎል አልቆጥርላችሁም። የገቡብንን ቆጥሮ የጨረሰ ሰው ያን ዕለት አልነበረም። ወደ ቤት ስንመለስ የዘመሮ ልጆች እስከ ወንዙ ድረስ እየተከተሉ ይህን ዘፈኑብን፤

ጎፈር ጎፈር ብሎ አንበሳ ነኝ ይላል፣
ጭላዳም ጎፈር አለው፣ ሣር ሲነጭ ይውላል።

እኔ ሌላውን ሽንፈት ሁሉ ችዬ ይህችን አልቻልኳትም። ሌሊቱን ስገላበጥ አድሬ፣ ጠዋት መልሱን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤

ጭላዳስ ብንሆን ገደል ነው ቤታችን፣
ማንም አያወርደን ከተራራችን።

ግጥሙ ከዚህ በላይ እንደማይሻል አውቃለሁ። ግን ከዚያ ወዲያ ቡድኑ በተሸነፈ ቁጥር እኛ ልጆች ይህን እየዘፈንን ነበር የምንመለሰው፤ ቁጥሩም ብዙ ስለነበረ ዜማው እየተስተካከለ ሄደ።

ሁለተኛውን ተሸነፍን። ሦስተኛው ጾም ውስጥ ነበር። ዲያቆኑ ቀድሶ፣ ውኃ እንኳ በአፉ ሳይዞር መጥቶ በር ላይ ቆመ፤ ኳስ ስትመጣ ያያታል፣ ሲያያት ሁለት ትሆንበታለች፣ የሌለችዋን ይይዛል። ያን ዕለት ነው እኔ ወደ ማርያም ደጅ ሄጄ፣ ጓደኞቼ እየሰሙ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ጎፈር ሲያሸንፍ በዓይኔ እስካይ ድረስ ቆሎ እርም ይሁንብኝ!» ያልኩት።

ለምን ቆሎ? ከምወደው ነገር ሁሉ የምወደው እሱን ስለነበረ ነው። የኪሴ ስፌት ሁልጊዜ የሚተረተረው በቆሎ ነበር። በትምህርት ሰዓት አንዷን ፍሬ ምላሴ ሥር አስቀምጬ እስክትርስ እጠብቃለሁ፤ መምህር ተፈራ ጥያቄ ሲጠይቀኝ ዝም የምለው ስለማላውቅ ብቻ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ሆዴ ብልሃት መፈለግ ጀመረ። ፊደል ወዳስቆጠሩኝ ወደ የኔታ ሄድኩ።

«የኔታ፣ በሶ ቆሎ ነው?»

«በሶ በሶ ነው።»

«የሚፈጨው ግን ከተቆላ ገብስ ነው።»

«ታዲያ እኔ ምን አደረግሁህ?»

ነገሩን ዘርዝሬ አስረዳኋቸው። ጢማቸውን ይዘው ሰሙኝ።

«ለማን ነው የተሳልከው?»

«ለጎፈር።»

«ጎፈር ታቦት አለው?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ስለት አይደለም።»

እጄን ወደ ኪሴ ስሰድ፣ «ግን» አሉ። የኔታ «ግን» ሲሉ ጣታቸውን ያነሣሉ። «አፍህ ያወጣውን ሆድህ ካልጠበቀው፣ ነገ ለታቦት ብትሳል ማን ያምንሃል? በሶውም የቆሎ ልጅ ነው። እሱንም ተው።»

አንድ እርም ይዤ ሄጄ ሁለት ይዤ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ የእምነት ጥያቄ ለመጠየቅ የምቸኩል ሰው አይደለሁም።

አራተኛው፣ አምስተኛው እንዲሁ ሄዱ። መስኩን ለማስቀረት አንድ ጨዋታ ብቻ ቀረ፤ ግንቦት ውስጥ፣ በገዛ ሜዳችን፣ ከቀየት ቡድን ጋር። ተረኛው በረኛ አባቴ ነበር።

አባቴን እወደዋለሁ። ግን ልንገራችሁ፤ ከሽመና ጉድጓድ ሲወጣ ጉልበቱ እንደ አሮጌ መዝጊያ ነበር የሚጮኸው። በሌላ በኩል አየለ የሚባለው ገመድ ሠሪ አለ። በልምምድ ላይ የሚመጣውን ሁሉ እንደ ድመት ነበር የሚቀልበው። ጓሳ ሲገምድ የኖረ እጅ ነው፤ የያዘውን አይለቅም። የጎሉ አግዳሚ ሆኖ የተወጠረውን ገመድ የገመደው እንኳ እሱ ነበር። ተራው ግን አሥራ አንደኛ ነው። መስኩ ሄዶ፣ በጉ ገብቶ፣ ሣሩ ካለቀ በኋላ ማለት ነው።

አየለ ዘንድ ሄድኩ። ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ይገምዳል።

«አያ አየለ፣ እሑድ አንተ በረኛ ሁን።»

«ተራው የአባትህ አይደለም እንዴ?»

«ትቶልሃል።»

«አባትህ ነው የላከህ?»

«አዎ» አልኩ። ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ።

አየለ ገመዱን አስቀምጦ ነጠላውን አጣፋና በቀጥታ ወደ ቤታችን ሄደ። እኔ ከኋላው እየሮጥኩ በልቤ አባቴ ቤት እንዳይኖር እጸልያለሁ። ነበረ።

«ጋሼ፣ ምን በደልኩዎ?» አለ አየለ ገና በሩን ሳያልፍ። «ተራዎን ትተው ለእኔ የሚሰጡኝ አሞዎት ነው፣ ወይስ ቤትዎ መጥቼ ጠላዎን እንዳልጠጣ ነው?»

አባቴ አየለን አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ተራን ለሌላ መስጠት እንዲህ ያለ ነገር መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። እኔ ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር፤ ክፍል ውስጥ የጠመኔ ተራዬን ለጓደኛዬ ለተካ እንደምሰጠው ያለ።

«አላመመኝም» አለ አባቴ። «እሑድ እቆማለሁ። ይኼ ልጅ ግን የታመመ ይመስለኛል።»

አየለ ነገሩ ገብቶት እየሳቀ ሄደ። እኔ ግርፊያ ስጠብቅ አባቴ ወደ ሸማው ተመልሶ መወርወሪያውን አነሣ።

«ከእሱ ይልቅ በእኔ ላይ ብዙ ጎል እንደሚገባ አውቃለሁ» አለ ሳያየኝ። «ተራ ግን የሰው ፊት ነው፣ ደምሴ። የገዛ ፊቱን ለሌላ ሰው የሚያውስ አይተህ ታውቃለህ?»

አላየሁም አልኩት። በልቤ ግን፣ «መስኩስ?» እያልኩ ነበር።

እሑድ ጉም ወርዶ ዋለ። ቅዳሴ ሲያልቅ ሰው ሁሉ በነጠላና በባና ተሸፋፍኖ መስኩ ዳር ተሰለፈ። አባባ ጥሩነህ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አሳርፈዋል። አባቴ በርኖሱን ለብሶ ወጣ፤ ይኸው አሁን ጭኔ ላይ ያለውን፣ ራሱ የሠራውን፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርደውን።

የቀየቶች አለቃ ጮኸ፤ «በርኖሱን ያውልቅ! ጎሉን ሸፈነው እኮ!»

«ብርድ ነው» አለ አባቴ።

ዳኛው ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ መምህር ነበር፤ ያነበበው ደንብ ስለ በርኖስ የሚለው ነገር አልነበረም። ተከራከሩ፣ ተከራከሩ፣ በመጨረሻ አንድ የቀየት ሽማግሌ ራሳቸው፣ «ልብስ ከሰው ይቆጠራል፤ በዚህ ብርድ ሰው አውልቅ አይባልም» ብለው ፈረዱ። እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ጨዋታው ሲጀመር ምን እንዳየን ልንገራችሁ። አንድ ኃይለኛ ኳስ መጣች፣ አባቴን ደረቱ ላይ መታችው፣ በርኖሱ ውስጥ ዱብ ብላ ሞተች። አባቴ ብብቱን እንደሚያክ ሰው እጁን ሰዶ አወጣት። ሁለተኛዋ መጣች፤ እሷም ሞተች። ያ ወፍራም ሱፍ የመጣውን ሁሉ ይውጥ ጀመር። እረፍት ሲሆን ዜሮ ለዜሮ ነን! ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። እኔ ከጎሉ ኋላ ቆሜ ድምፄ እስኪዘጋ ዘመርኩ።

ከእረፍት በኋላ ጉሙ ባሰበት። ጓደኛዬ ተካ ከቤቱ ትኩስ ቆሎ ይዞ መጣ። እኔ እያየሁት እሱ ይቆረጥማል። ሽታው! አየለ መሐል ሜዳ ላይ ኳስ ይዞ ወደፊት ሲሮጥ አየሁና፣ «በቃ፣ አሸነፍን» አልኩ በልቤ። ካሸነፍን ደግሞ ስለቱ አልቋል ማለት ነው፤ ካለቀ ደግሞ ትንሽ ቀደም ብዬ ብጀምር ማን ይጎዳል? ለቅምሻ ያህል አልኩና አንድ ጭብጥ ተቀብዬ በአንድ ጊዜ አፌ ውስጥ ከተትኩት።

ያኔ የቀየት አጥቂ ከጉሙ ውስጥ ወጥቶ መታ። ኳሷ አባቴ ጋ ደርሳ ጠፋች። በርኖሱ ውስጥ ገብታለች፣ ግን ያን ጊዜ ማንም አላወቀም። አባቴ እጁን ዘርግቶ ቀጥ አለ። አጥቂው ግራ ያያል፣ ዳኛው ቀኝ ያያል። እኔ ከጎሉ ኋላ ሆኜ፣ ከአባቴ ጀርባ መሬት ላይ አንድ ነጭ ክብ ነገር አየሁ። አፌ በቆሎ እንደተሞላ ጮህኩ፤

«አባዬ! ከኋላዎ!»

አባቴ ዞረ። ወደ ነጩ ነገር ሁለት እርምጃ ተራምዶ ጎንበስ አለ። ነጩ ነገር ድንጋይ ነበር። ጎንበስ ሲል ኳሷ ከበርኖሱ እጥፋት ወጥታ እግሩ ሥር ወደቀች፤ መስመሩን አልፎ፣ በገዛ ጎሉ ውስጥ ቆሞ።

ፊሽካ።

አንድ ለዜሮ። ከዚያ ወዲያ ጎፈሮች እስከ መጨረሻው ሮጡ፤ ዲያቆኑ ጉልበቱን ፈንክቶ እየደማ ሮጠ፣ አየለ አግዳሚ ሆኖ የተወጠረውን የራሱን ገመድ በኳስ መታው። አልገባችም። አለቀ።

ድግሱ ቤታችን ነበር። የተሸነፈም ይበላል፤ እናቴ የጠመቀችው ጠላ ሽንፈት አያውቅም። ተጫዋቾቹ ተደርድረው ተቀመጡ፣ አባባ ጥሩነህም ተጠርተው መጡ፣ ዋንጫቸውን ይዘው ተቀመጡ። ማንም ነገሩን ለማንሣት አልደፈረም። ራሳቸው አነሡት።

«እንግዲህ ልጆቼ፣ ቃል ቃል ነው። አልሆነላችሁም። ነገ በጉ ይገባል።»

ሰው ሁሉ ዋንጫውን አስቀመጠ። እኔ ከምሰሶው ሥር ተነሣሁ።

«አባባ፣ እነሱ አይደሉም! በእኔ ነው! ቆሎ በልቻለሁ!»

«ምን በላሁ አለ?»

«ቆሎ! እስክናሸንፍ አልበላም ብዬ ተስዬ ነበር። ልክ ስበላው ጎሉ ገባ። በጉን አያስገቡ፤ እኔን ይግረፉኝ!»

መጀመሪያ የሳቀው አያ በየነ ነው። ከዚያ ቤቱ በሙሉ ፈረሰ። አባባ ጥሩነህ ጠላው አፍንጫቸው ገብቶ ሳሉ። «ዓመቱን ሙሉ የተሸነፉት እሱ ሳይበላ ነው፣ አይደል?» ሲሉ ጠየቁ፤ ሳቁ እንደገና ተነሣ። እኔ ግን አልቅሼ ነበር፤ ምክንያቱም ከቆሎው የባሰ ያልተናገርኩት ነገር ነበረኝ። የጮህኩት እኔ መሆኔን አልተናገርኩም። ዛሬም ድረስ ለሰው የምነግረው የቆሎውን ነው። ምስኪን ቆሎ፤ ምንም ሳያደርግ ይህን ሁሉ ዘመን ተከሰሰ።

ሳቁ ሲበርድ አባቴ ተነሣ። በርኖሱ አሁንም ላዩ ላይ ነው።

«አባባ፣ አንዲት ነገር ልጠይቅዎ። እርስዎ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነዎት። እኩሉ ደግሶ እኩሉ ሳይደግስ ማኅበር ይፈርሳል?»

«እንዴት ተደርጎ! የበላ ያበላል እንጂ።»

«እኛ አሥራ ሁለት ነን። የደገስነው ስድስት ነን፤ እኔ ዛሬ ስድስተኛው። ስድስቱ የሰው ጠላ ጠጥተው አላጠጡም። መስኩ ከተወሰደ ጨዋታ የለም፤ ጨዋታ ከሌለ ተራ የለም። እነዚህን ሰዎች በልተው ያላበሉ አድርገው ሊያስቀሯቸው ነው? አየለን ይመልከቱት። በምን ፊቱ ሰው ያያል?»

አየለ ወዲያው አንገቱን ደፋ። ከዚህ በፊት እንዲህ አሳዛኝ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ሳቁን እየደበቀ እንደነበረ የነገረኝ በኋላ ነው።

አባባ ጥሩነህ ዋንጫቸውን አዩት። ከስድስቱም ድግስ ቀርተው አያውቁም ነበር። መስክ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ሕግ በሌላ ሕግ ካልሆነ አይሸነፍላቸውም።

«ስድስት ቀን ለበጉ» አሉ በመጨረሻ። «እሑድ ለናንተ። ተራው እስኪዳረስ ብቻ!»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እኔ የተገረምኩት በሌላ ነገር ነው። መስኩን ሊያሳጣን ነው ብዬ ስቃወመው የከረምኩት ተራ መስኩን አተረፈው። አባቴ ተራውን ለአየለ ሰጥቶት ቢሆን ኖሮ ይህን ክርክር በምን አፉ ይናገር ነበር?

እንግዶቹ ሲወጡ አባቴ በርኖሱን አውልቆ እሳቱ አጠገብ ሰቀለው። የራሰው ሱፍ መጤስ ጀመረ። እኔ የተኛሁ መስዬ አየዋለሁ።

«ደምሴ።»

«አቤት።»

«ድምፅህ ጥሩ ነው። ጉም ይቀድዳል።» እሳቱን ቆሰቆሰ። «ለሚመጣው ዓመት ግን መጀመሪያ ኳሷን አይተህ ጩህ።»

ያውቅ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ጎሉ የራሱ ጥፋት ተደርጎ ሲቆጠርበት፣ አንዲት ቃል አላወጣም። ብርድ ልብሱን ራሴ ላይ ጎተትኩት።

በዚያው ክረምት አጎቴ መጥቶ ለትምህርት ወሰደኝ። የሚመጣውን ዓመት አላየሁትም። አየለ ተራው ደርሶ በቆመ ዕለት ጎፈር አሸነፈ ብለው ጻፉልኝ። ከዚያ ወዲህም ብዙ ጊዜ አሸንፏል ይሉኛል። እኔ በመጣሁ ቁጥር ግን ይሸነፋል፤ ስለቴ ደግሞ «በዓይኔ እስካይ» ነው። ተራውም እስከ ዛሬ አልተዳረሰም። አሥራ ሁለተኛው ሳይደርስ አንዱ ያርፋል፣ ልጁ ይተካል፣ እንደገና ይቆጠራል። መስኩ ላይ ዛሬም ስድስት ቀን በግ ይግጣል።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። የግርማ ሚስት ገብስ ቆልታ፣ የቀሩኝን ሦስት ጥርሶች አይታ ደግሞ ፈጭታ በሶ አድርጋ አቀረበችልኝ። «ነገ ማታ» ብዬ አስቀመጥኩት። ከሰዓት በኋላ በርኖሱን ለብሼ ወደ መስኩ ወረድኩ። በጎቹ ገለል አሉልኝ። ከእኔ በኋላ የሚገባው ወጣት በረኛ ልምምድ ላይ ነበር፤ ሮጦ መጣ።

«ጋሼ፣ እንዳይጨነቁ። አንዷን ብቻ ነው፤ ለሽማግሌ ቀስ አድርገው ነው የሚመቷት።»

«በኃይል ምቱ በላቸው» አልኩት።

አባቴ የቆመበት ቦታ ላይ ቆምኩ። እግሬ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፣ ኳሷን በየትኛው ዓይኔ እንደማያት አላውቅም፤ አንድ ነገር ግን ቆርጫለሁ። ነገ ከኋላዬ ማንም፣ ምንም ብሎ ቢጮህ አልዞርም።